አውራው ሲቆጣ፣ ሲጠብቅና ጫጩት ሲያሳድድ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን የዶሮ እርባታ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ እንቁላልም ስለ መኖም አይደሉም፤ ስለ አውራ ዶሮ ጠባይ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ለእንስሳት ሕክምናና ለዶሮ እርባታ ባለሙያዎቻችን አቅርበናል።

«ልጆቻችን ከጫጩትነቱ ጀምሮ በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጉት ቀይ አውራ ዶሮ አለን። 8 ወር ሆኖታል። ካለፈው ወር ወዲህ ባለቤቴ እንቁላል ልትሰበስብ ስትገባ ከኋላዋ እየዘለለ ይመታታል፤ የ6 ዓመት ልጃችንንም አንድ ቀን ጭኑን ቧጨረው። እኔን ግን አይነካኝም። ያሳደጉትን ሰዎች እንዴት ይጠላል?» — ከደብረ ብርሃን

አልጠላቸውም። የጎደለው ፍርሃት ነው። በእናቱ ክንፍ ስር ያደገ ወጠጤ ሰው ሲቀርበው አንድ ሁለት ሜትር ዞር ማለትን ከትንሽነቱ ይለምዳል። በእጅ እየጎረሰና ጉያ ውስጥ እየተኛ ያደገው ግን ሰውን ከመንጋው እንደ አንዱ ይቆጥራል። ጎልማሳ ሲሆን ታዲያ ማን ቀድሞ ይበላል፣ ማን ለማን መንገድ ይለቃል የሚለውን ከመንጋው ጋር ተጋፍቶ መለየት ይፈልጋል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ፣ መጮህና ሴት መጫን ሲጀምር ነው፤ የእናንተውም እዚያው ላይ ነው። ያለ ሌላ ወጠጤ ለብቻው ያደገ ከሆነ ይብስበታል፤ ወንድሞች ቢኖሩት ልኩን ያሳዩት ነበር።

እርስዎን የማይነካው ስለሚያከብርዎ ሳይሆን ስለማያፈገፍጉለት ይሆናል። ባለቤትዎ ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ፣ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ነጠላቸው ይወዛወዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎጆዋ የምትነሳዋ ዶሮ ትጮኻለች። የሴት ዶሮ የጭንቅ ጩኸት አውራውን ከምንም በላይ ያስነሳዋል። አንዴ ዘልሎ ሲመታቸው ደንግጠው ከሸሹ ደግሞ እሱ አሸንፏል፤ በማግስቱ ይደግመዋል። ልጅ ሁሌም ስለሚሸሽ ሁሌም ይሸነፍለታል።

ከመዝለሉ በፊት የሚያሳየውን ምልክት መላው ቤተሰብ ይወቀው። በጎን በኩል እየተንሸራተተ ይጠጋል፤ ወደ ሰውየው ያለውን አንዱን ክንፍ እስከ መሬት ይጥለዋል። ወይም ፊት ለፊት ቆሞ አንገቱን ዝቅ ያደርግና የአንገቱን ላባ ዙሪያውን ይነፋል። ሦስተኛው ምልክት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ጥሬ የሚለቅም መስሎ መሬቱን ይነቁራል፣ ዓይኑ ግን ከእግርዎ አይነሳም። በምንቃሩ የሚያነሳው ነገር የለም። ይህን አይተው ጀርባዎን ሰጥተው ከሄዱ ከኋላ መምጣቱ የማይቀር ነው።

አሁን የሚደረገውን እንንገርዎ። ለሁለት ሳምንት ልጆች እሱ ወዳለበት አይግቡ። ማጉረስ፣ ማቀፍ፣ አብሮ መጫወት ዛሬውኑ ይቁም፤ ጥሬው መሬት ላይ ይበተንለትና ሰው ዞር ይበል። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ያህል እርስዎም ባለቤትዎም በየተራ ወፍራም ሱሪና ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ሰፌድ ይዛችሁ ግቡ። ሰፌድ ያልነው በቀልድ አይደለም፤ ሰፊና ቀላል ስለሆነ፣ ቢመታውም እሱን ስለማይጎዳው ከዱላ እጅግ ይሻላል። ሲመጣ ወደ ኋላ አትበሉ፣ አትጩኹም። ሰፌዱን ዓይኑ ፊት አቁሙት፤ ሰፌዱን ይምታ። ከዚያ ሳትቸኩሉ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ እሱ ተራመዱ። ፊቱን አዙሮ ጎኑን ሲሰጥ፣ ላባው ሲወርድና የእውነት መልቀም ሲጀምር እዚያው ላይ ቁሙ፤ ከዚያ በላይ አታሳድዱት። ጥግ ያስያዛችሁት አውራ መውጫ ስላጣ እንደገና ይዘልላል፤ ትምህርቱም ተበላሸ ማለት ነው።

መምታትና በእርግጫ ማለት የሚሠራ ይመስላል እንጂ አይሠራም። ለእሱ ምቱ የጠቡ አንድ ዙር ነው፤ ቁስሉን አስታሞ ሌላ ዙር ይጠይቃል። የደረቱ አጥንትና ቅልጥሙም በቀላሉ ይሰበራል። በእግሩ ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠልም እንዲሁ ነው። ዶሮ እንደ እኛ ደረትና ሆዱን የሚለይ፣ ለመተንፈስ የሚረዳ ጡንቻ የለውም፤ ሲዘቀዘቅ የሆድ ዕቃው የአየር ከረጢቶቹን ስለሚጫን ዝም የሚለው ስለተገራ ሳይሆን መተንፈስ ስለከበደው ነው። በነገራችን ላይ ከገበያ ሦስት አራቱን በአንድ ገመድ አስሮ ዘቅዝቆ ማምጣትም ቢቀር ጥሩ ነበር።

አንድ ምሽት ደግሞ ከቆጡ ላይ አውርዳችሁ በባትሪ መርምሩት። በክንፉ ስርና በፊንጢጣው ዙሪያ ቅንቅን ወይም ቅማል፣ በእግሩ መዳፍ ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካለ እሱን አሳክሙ። የሚያመው ዶሮ ይቆጣል። ከብብት ስር አድርጎ፣ ክንፎቹን በክንድ ጠብቆ፣ ሁለት እግሮቹን በሌላው እጅ ይዞ መመርመር ነው። በጨለማ የተያዘ አውራ አይታገልም። ዶሮ መያዝ የሚያስፈልግ ከሆነም ሴቶቹን እሱ እያየ በቀን አታሳድዱ፤ ማታ ከቆጥ ላይ ውሰዱ።

በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ትንሽ ነው። ወደ ልጅ ፊት አንዴ ከዘለለ ግን ሳምንትም አትጠብቁ። የስድስት ዓመት ልጅ ጎንበስ ሲል ዓይኑ አውራው ከሚዘልበት ከፍታ ላይ ነው። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ለብቻው በሽቦ ማጠር ወይም ድስት። «ለዘር ይሆናል» ብሎ ለማያውቅ ጎረቤት መስጠት ጠቡን ሰፈር ማዛወር ብቻ ሳይሆን ዘሩንም ማብዛት ነው፤ ቁጣ በከፊል ይወረሳልና።

«አውራ ዶሮ የነቆረው ሰው የእብድ ውሻ በሽታ መርፌ መወጋት አለበት?» — ከሀዋሳ

የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ በተለከፉ ጡት አጥቢ እንስሳት እንጂ በዶሮ አይተላለፍም። የሚያሰጋው መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) እና የቁስሉ ማመርቀዝ ነው፤ በተለይ በእግሩ ሾህ የወጋው ከሆነ ቀዳዳው ከላይ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ግን ጥልቅ ነው። ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ቡና ወይም አፈር አትነስንሱበት። የቴታነስ ክትባት ከተከተበ ከ5 ዓመት በላይ የሆነው ወይም መከተቡን የማያስታውስ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይን አካባቢ፣ መገጣጠሚያ ላይ ወይም እጅ ላይ በጥልቁ የተወጋ ወይም ቁስሉ ቀልቶ የሚሞቅ ሰው በዚያው ቀን መታየት አለበት።

«አንዲት ሐበሻ ዶሮ 11 ጫጩት ፈለፈለች። አውራው ይገድላቸዋል ብለው ጎረቤቶቼ አስፈራሩኝ፤ ሌሎች ደግሞ ይጠብቃቸዋል ይላሉ። በዚያ ላይ 20 የ45 ቀን ጫጩቶች ልገዛ አስቤያለሁ፤ ከእሱ ጋር አንድ ላይ ልልቀቃቸው?» — ከባሕር ዳር አካባቢ

ሁለቱም ጎረቤቶችዎ ያዩትን ነው የተናገሩት። ልዩነቱ ያለው ጫጩቶቹ እናት አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ላይ ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ የታቀፈችና የፈለፈለች ዶሮ ጫጩቶቿን ይዛ ስትወጣ አብዛኛው አውራ ዞር ብሎ ያያቸዋል፣ ከዚያ ይተዋቸዋል። ደግ የሆነው ትል ወይም ምስጥ ሲያገኝ ጠርቷቸው ያበላቸዋል፤ አልፎ አልፎም ሲበርዳቸው ክንፉ ስር የሚያስገባ ይገኛል። እናቲቱም ቀላል አይደለችም፤ ላባዋን ነፍታ ስትመጣ ትልቁም አውራ ቦታ ይለቅላታል። አደጋው የሚመጣው በጠባብ ቦታ፣ በአንድ የመኖ ዕቃ ዙሪያ እና ዓመት ካልሞላው ወጠጤ ነው። ወጠጤ ገና ጠባዩ አልረጋም፤ የሚሯሯጥ ትንሽ ነገር ሁሉ ያሳድዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ሳምንት እናቲቱንና 11ዱን ለብቻ ያድርጓቸው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ሽቦ የተወጠረበት አጥር ይበቃል። ቀዳዳው ከዚያ ከሰፋ የቀን ጫጩት ሾልኮ ይወጣና ከእናቱ ተለይቶ እዚያ ማዶ ይጮኻል፤ አውራ የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ብቻውን የተገኘውን ጫጩት ነው። አጥሩ አውራው በየቀኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይሁን፤ እያያቸው ይልመዳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ መንጋው በልቶ ሲጠግብ ይልቀቋቸው። ጥሬውን በአንድ ቦታ ሳይሆን ራቅ ራቅ ባሉ ሦስት ቦታዎች ይበትኑ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር የተቆረጠበት ሣጥን ወይም የተደፋ ትልቅ ቅርጫት ድንጋይ ጭነውበት ያስቀምጡ፤ ጫጩት ይገባበታል፣ ትልቅ ዶሮ አይገባበትም። የጫጩቶቹ መኖ እዚያ ውስጥ ይሁን። አለበለዚያ ውዱን የጫጩት መኖ አውራው ይጨርሰዋል፣ ጫጩቶቹ ደግሞ የእንቁላል ጣይ መኖ ይለቅማሉ። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስላለው የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። ለአውራውም አይመቸውም፤ እንቁላል አይጥልምና። የተሻለው መንገድ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ሰጥቶ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ለሴቶቹ በሌላ ሳህን ማቅረብ ነው።

አንድ ጊዜ ነቁሮ ከመኖው ላይ ገፋ ማድረጉ ተግሣጽ ነው፤ እናቲቱም ታደርገዋለች። ጫጩቱ ከመኖው ከራቀ በኋላ ተከትሎ ካሳደደው፣ በአንገቱ ይዞ ካነሳው ወይም ጭንቅላቱን ደጋግሞ ከነቆረው ግን በዚያው ሰዓት ለዩት። ነገ ይሻለዋል የሚባል ነገር የለም።

የ45 ቀኖቹ ጉዳይ ሌላ ነው። እናት የላቸውም፣ መንጋው አያውቃቸውም፣ ለመሸሽም ገና ልምድ የላቸውም። በመጀመሪያ ክትባታቸውን ከሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ በሽቦ ብቻ ተለይተው ጎን ለጎን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ከአውራው ጋር የሚቀላቀሉት ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሆናቸው፣ ቁመታቸው የትልቋን ዶሮ ሁለት ሦስተኛ ሲያህል ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ማታ ቆጥ ላይ በማውጣት ይቀላቅሏቸው፤ አንድ ሁለቱን ብቻ መጨመር ዱላውን ሁሉ በነሱ ላይ መሰብሰብ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይገኙ፤ በመጀመሪያው ጠዋት የሚሆነውን አይተው ማንን መለየት እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ከገዟቸው 20ዎቹ መካከል አውራ መኖሩ አይቀርም። ሁለቱ ጾታ ተቀላቅሎ ከሚሸጠው ሳሶ የተባለ የዶሮ ዝርያ ውስጥ በ45 ቀኑ ጉትዬው ቀላ ብሎ ከፍ ያለው፣ እግሩ የወፈረው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ወጠጤ ነው። የማያጠራጥር ምልክት የሚታየው ግን ከ10ኛው ሳምንት በኋላ፣ በወገቡ ላይ ቀጫጭንና ሹል የሚያብረቀርቁ ላባዎች ሲወጡ ነው፤ የቄብ ወገብ ላባ ጫፉ ክብ ነው። ዝርያው ቦቫንስ ብራውን ከሆነ ነገሩ በመጀመሪያው ቀን ያለቀ ነው፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይፈለፈላል።

«አውራ ዶሮዬ ጥሬ አንስቶ ይጥለዋል እንጂ አይበላም። ሴቶቹ የሚጥሉበት ጎጆ ውስጥም ገብቶ ተቀምጦ ያጉረመርማል። ታሞ ይሆን?» — ከወልዲያ

ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ አውራ ነው የገጠመዎት። ምግብ ሲያገኝ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰማ ጥሬውን በምንቃሩ አንስቶ ይጥለዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል። ሴቶቹ መጥተው ይለቅሙታል። ቄቦች ይህን በሚያዘወትር አውራ አጠገብ መቆየትን ይመርጣሉ። አንዳንዱ ግን ብልጥ ነው፤ ሴቷ ራቅ ስትል ምንም ሳይኖር ጠጠር አንስቶ ይጠራታል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና ትመጣለች፤ ደጋግሞ ካታለላት ግን ጥሪውን መስማት ታቆማለች።

ጎጆ ውስጥ መግባቱም ቄቦች መጣል ሊጀምሩ ሲሉ «እዚህ ይሻላል» እያለ ቦታ ማሳየቱ ነው። የጎጆውን ጭድ በእግሩ እየጫረ ሲሽከረከር ያዩታል። እንቁላል ካልሰበረ ይተዉት።

ድምፁን መለየት ከቻሉ ብዙ ይጠቅምዎታል። ጭልፊት ሲያይ የሚያሰማው አንድ ቀጭን፣ ሳብ ያለ ድምፅ ነው፤ ከየት እንደመጣ ለማወቅም ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ጥሻ ስር ይገባሉ ወይም ባሉበት አጎንብሰው ይደርቃሉ፣ በአንድ ዓይናቸውም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ውሻ ወይም ድመት በምድር ሲመጣ ግን የሚያሰማው ጮክ ያለ፣ እየተደጋገመ የሚቀጥል ነው፤ ሁሉም አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ይቆማሉ። አጠገቡ ሴት ዶሮ ስትኖር የሰማዩን ማስጠንቀቂያ አብዝቶ እንደሚያሰማ፣ ብቻውን ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም እንደሚል በጥናት ታይቷል። ጭልፊት በሚበዛበት አካባቢ አውራ መኖሩ ይጠቅማል ማለት ነው። ሽለምጥማጥ ግን ማታ ነው የሚመጣው፤ ያኔ አውራው ራሱ ቆጥ ላይ ምንም አያይም፤ የሚያድነው የተዘጋ በር ብቻ ነው።

«6 ሴትና 3 አውራ አሉኝ። የሴቶቹ ጀርባ ተመልጦ ቆዳቸው ይታያል። ቅንቅን መስሎኝ መድኃኒት ነፋሁባቸው፤ አልተሻላቸውም።» — ከቢሾፍቱ

የመለጠው ጀርባና የጭንቅላት ኋላ ብቻ ከሆነ መድኃኒት የሚያሻው ነገር አይደለም፤ አውራ በዝቶባቸዋል። አውራ ሴቷን ሲጫን የጭንቅላቷን ላባ በምንቃሩ ይይዛል፣ በጀርባዋ ላይ በእግሩ ይቆማል። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ነው ልኩ። ለ6 ሴት አንድ ይበቃል፤ ሁለቱን ያስወግዱ ወይም ለብቻ ያድርጉ። ላባው የተሰበረ ከሆነ ግንዱ ቆዳ ውስጥ እስካለ ድረስ አዲስ አይበቅልም፤ ዓመታዊውን ላባ መጣል ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለቱ ከሄዱ በኋላም ወዲያው ለውጥ ካላዩ አይደነቁ። ቆዳዋ የተቀደደ ዶሮ ካለች ግን እስክትድን ትለይ፤ ደም ያየ መንጋ እየነቆረ ይጨርሳታል።

ሁለት አውራ ማስቀመጥ የግድ ከሆነ አብረው ያደጉ ወንድማማቾች ይሻላሉ፤ መኖና ውሃውም በሁለት ቦታ፣ እርስ በርስ በማይተያዩበት ይሁን። አንዱን ለሕክምና ለሁለት ሦስት ሳምንት ለይተው ቢመልሱት እንደ እንግዳ ስለሚቆጠር ጠቡ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲደባደቡ እጅዎን መካከላቸው አያስገቡ፤ ጣውላ ወይም ካርቶን ጣል ያድርጉ።

«የእግሩ ሾህ በጣም ረዘመ፤ በምን ይቆረጣል?» — ከደሴ

አይቆረጥም፤ ጫፉ ይደነዝዛል እንጂ። ከውጭ ቀንድ መሰል ሽፋን ነው፤ ውስጡ ግን ከቅልጥሙ ጋር የተያያዘ አጥንት አለ፣ ደምም ነርቭም አለው። ከመሠረቱ መቁረጥ እግር መቁረጥ ነው። ማታ ከቆጥ አውርዳችሁ አንድ ሰው ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ይያዘው፤ ሌላው በሞረድ ከጫፉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሞርዶ ያድበልብለው። ሮዝ ነጥብ ከታየ ወይም ቦታው ሞቅ ካለ ይቁም። ከደማ የበቆሎ ዱቄት ወይም ስታርች ጠቅጥቆ ለሁለት ሦስት ደቂቃ መጫን፣ ከዚያም እስከ ማግስቱ ለብቻ ማሳደር ነው። በየሦስት ወሩ መደገም ይችላል። በፍል ድንች ሸፍኖ ሽፋኑን ጠምዝዞ ማውጣት የሚባለውን ዘዴ አትሞክሩት፤ የተቃጠለ እግርና ራቁቱን የቀረ፣ የሚደማ አጥንት ነው ትርፉ።

«ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፤ ጎረቤት ተማሮብኛል። ዝም የማሰኛ መንገድ አለ?» — ከአዲስ አበባ

ሙሉ በሙሉ ዝም የሚያሰኝ የለም። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ ባለው ሰዓት እየተመራ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ብርሃን ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይጀምራል። እኛ አገር 12 ሰዓት ላይ የሚነጋ ነውና የእርስዎ አውራ በትክክል ሰዓቱን ጠብቋል። ያው ቡድን በ2015 እንዳሳየው ብዙ አውራዎች ባሉበት መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ የበታቾቹ ተራቸውን ጠብቀው ይከተላሉ።

መቀነስ ግን ይቻላል። የመንገድ መብራት ወይም የመኪና መብራት ወደ ቆጡ የሚገባበትን ቀዳዳ በወፍራም ጨርቅ ይጋርዱ፤ ሌሊት ሙሉ የሚያስጮኸው እሱ ነው። ማታ ለብቻው በጨለማ ሣጥን ያሳድሩት፤ ጣሪያው ቆሞ ጭንቅላቱ የማይነካ ግን አንገቱን ሽቅብ መዘርጋት የማይችልበት ያህል ይሁን፤ ከታችና ከጎን የአየር ቀዳዳ ይኑረው፣ ግድግዳው ከውስጥ በጭድ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፈን፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈትለት። አንገት ላይ የሚታሰር ማፈኛ ግን አንመክርም፤ ትንሽ ከጠበቀ ወይም ጉረሮው መኖ ከሞላ ያንቀዋል። ሁለት አውራ ካለዎት አንዱን ማስወጣት ግማሹን ጩኸት ይዞት ይሄዳል፤ እርስ በርስ እየተመላለሱ ነውና።

የሚፈልጉት እንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ አውራ ለምን አስፈለገዎት? ቄብ ያለ አውራም ያንኑ ያህል ትጥላለች። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው።

«ለዘር የሚሆን ጨዋ አውራ እንዴት ነው የምመርጠው? ቀይ አውራ ቁጡ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» — ከደብረ ማርቆስ

ቀለም ጠባይ አይነግርም። ቀይ፣ ገብስማ ወይም ነጭ መሆኑ የሚነግርዎት በበዓል ገበያ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ አለ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚወጣው ትልቁ፣ ቀለሙ ያማረውና በቀላሉ የሚያዘው ነው። ግቢ ውስጥ ለዘር የሚቀረው ደግሞ ትንሹ፣ ሲያሳድዱት ያመለጠውና እጅ ሲቀርበው የሚዋጋው ይሆናል። እንዲህ ለጥቂት ዓመት ከቀጠለ ሥጋው የቀለለ፣ ጠባዩ የከፋ መንጋ ይተርፋል፤ ሰው ግን «ሐበሻ ዶሮ ድሮም እንዲህ ነው» ይላል። እኛ እስከምናየው የጠባይ ችግር የሚፈጠረው በማሳደግ ብቻ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ምርጫም ነው።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ለዘር የሚቀረውን ለይተው እግሩ ላይ ላላ ያለ ባለቀለም ክር ይሰሩ፣ ዋጋ ቢጨመርልዎትም አይሽጡት። ዓመት የሞላው ይሻላል፤ የወጠጤነቱ ጊዜ ስላለፈ ጠባዩ ረግቷል። ሁለት ጠዋት ያህል ይመልከቱት። ጥሬ ሲበትኑ ሴቶቹን ይጠራል ወይስ ብቻውን ይጎርሳል? ሲጠጉት ሳይደነግጥም ሳይጋፈጥም ዞር ይልልዎታል? ሴቷን ከመጫኑ በፊት ክንፉን ጥሎ ይዞራታል ወይስ ሮጦ ይይዛታል? ጫጩት በእግሩ ስር ሲያልፍ ምን ያደርጋል? ከሰው የሚገዙ ከሆነ ከገበያ ሳይሆን ከባለቤቱ ግቢ ይግዙ፤ አባቱንም እዚያው ያዩታል። እግር የታሰረ ዶሮ ሁሉ ጨዋ ይመስላል።

ያመጡትን አውራ በቀጥታ ከመንጋው አይቀላቅሉ። ለ21 ቀን፣ ቢያንስ ለ14 ቀን፣ ራቅ ባለ ቦታ ለብቻው ይቆይ፤ ውሃና መኖ የሚሰጡትም ሌሎቹን ካበሉ በኋላ ይሁን። በበዓል ሰሞን ከገበያ በሚገዛ ዶሮ ፈንግል መግባቱ የተለመደ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስና የአንገት መጠማዘዝ ካዩ መንጋው ጋ አይድረስ፤ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። ሌሎቹ በላሶታ (በፈንግል ክትባት) መከተባቸውንም በዚሁ አጋጣሚ ያረጋግጡ።

አዲሱ ገብቶ የድሮው ከወጣ በኋላ ለማስፈልፈል የሚሆን እንቁላል ለመሰብሰብ 3 ሳምንት ይጠብቁ። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በሰውነቷ ስለምታቆይ ከዚያ በፊት የታቀፈችው እንቁላል የአሮጌውን ልጆች ሊያወጣ ይችላል። በየሁለት ዓመቱም አውራውን ከሌላ መንደር በመጣ ይለውጡ፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር ከቀጠለ የሚፈለፈለው እንቁላል ይቀንሳል፣ ጫጩቱም ይደክማል።

«እንደ በሬ ቢኮላሽ አይበርድለትም?» — ከጎንደር

ይበርድለታል፤ ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። የአውራ ዶሮ ቆለጥ ከውስጥ፣ ከኩላሊቱ ጎን፣ ትልቁ የደም ሥር አጠገብ ነው ያለው። የጎድን አጥንቱ መካከል ተቀዶ ነው የሚወጣው፤ የተሠራበት አገርም ቢሆን ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜው እንጂ ከጎለመሰ በኋላ አይሞከርም። በምላጭ የሚሞክር ሰው ዶሮውን ገደለ ማለት ነው።